ፊልሙ 1 ሜጋ ባይት ከሆነ ፊልም አይደለም፦ የኮምፒውተር ትል ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጎን ለጎን ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ጧት ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ ሥራ የምጀምረው ሻይ ይዤ ነው። ሻዩ ሳያልቅ አንዱ ፍላሹን ይዞ ይመጣና "ቫይረስ በላው" ይላል።

ብዙ ጊዜ ግን የበላው ትል ነው። ቫይረስ ሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ትል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ከተነሳ ራሱን እየገለበጠ ወደ ሌላ ማሽን ይሻገራል። ስለዚህ ያገኛችሁትን አንዱን ፋይል ማጥፋት ዋጋ የለውም። ቅጂው ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

እኛ ጋ ደግሞ ቶረንት (ሰዎች ፊልምና ፕሮግራም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በኢንተርኔት የሚለዋወጡበት መንገድ) የሚያወርደው አንድ ሰው ነው። የቀረነው ከእሱ እንጭናለን። ፊልሙ በፍላሽ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፣ በሌላ በኩል መሐል ሜዳ ይወጣል። ትሉም ሳይከፍል አብሮ ይሳፈራል።

"ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆኑ"

ከሁሉ በላይ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተዋል፤ ቀስቱ የሾርትከት ምልክት ነው፣ ሾርትከት ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ። ወይም ሁሉም ጠፍቶ አንድ ሾርትከት ብቻ ቀርቷል።

ድሮ ፍላሹን መሰካት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ትሉ በራሱ ይነሳል። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ያ በር ተዘጋ። አሁን ትሉ የእናንተን እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። እሱን ስትጫኑ ትሉም ይነሳል፣ ፎልደሩም ይከፈታል። ምንም የተለየ ነገር ስለማታዩ አትጠረጥሩም።

ፋይሉ አልጠፋም። ይህን ደጋግሜ የምለው ፎርማት የሚያስደርጉ፣ ማለትም ፍላሹን ሙሉ በሙሉ የሚያስደመስሱ ስለበዙ ነው። ባለፈው አንድ አባት የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ይዘው መጡ። "ጋሼ፣ ሌላ ሰው ነክቶታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አዎ ልጄ፣ ባዶ ነው ብሎ ፎርማት አደረገልኝ፤ ግን ቤት ስሰካው ቀስቱ ተመለሰ" አሉኝ። ባዶ አልነበረም። ትሉም የሚኖረው ቤታቸው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ከፎቶው ጥቂቱን ብቻ ነው መመለስ የቻልኩት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ሙሉ ስካን አድርጉ። ፍላሹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስትከፍቱት "ቪው" የሚለው ውስጥ ገብታችሁ "ሂድን አይተምስ" ላይ ምልክት አድርጉ። ካልታየ "ኦፕሽንስ" ውስጥ "ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ። አንዳንዱ ትል ሁሉንም ስም የሌለው የሚመስል አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል፤ ስሙ ባዶ ስለሆነ በዓይን ያልፋል፣ ፈልጉት።

ፎልደሩን እንዳለ አትገልብጡ፤ መደበቁም አብሮ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱ፣ ውስጥ ያለውን ዶክመንትና ፎቶ ብቻ ወደዚያ ውሰዱ። ሾርትከቱንና የማታውቁትን ፋይል ተዉት። ፎርማት የሚደረገው አሁን ነው።

"ፊልም አወረድኩ፣ ሲነካ ግን ምንም አይከፈትም"

መጠኑን እዩ። ሙሉ ፊልም ብዙ መቶ ሜጋ ባይት፣ አለያም ከ1 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ያወረዳችሁት 700 ኪሎ ባይት ከሆነ ፕሮግራም ነው፤ ያውም አስነስታችሁታል።

ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ይደብቃል። "ፊልም.ኤምፒ4.ኢኤክስኢ" የሚለው (ኢኤክስኢ የፕሮግራም መጨረሻ ነው) እናንተ ጋ "ፊልም.ኤምፒ4" ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው "አይ ላቭ ዩ" የተባለው ትል የተጠቀመው ይህንኑ ነው። በኢሜይል የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ገባ፤ መጨረሻው ግን ቪቢኤስ፣ ማለትም የፕሮግራም ነበር። መፍትሄው "ቪው" ውስጥ "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ፊልምና ዘፈን በኢኤክስኢ፣ በኤስሲአር ወይም በቪቢኤስ አያልቅም። ሾርትከት ብቻ ምልክቱን ብታደርጉም መጨረሻውን አያሳይም፤ እሱን በቀስቱ ለዩት።

ስትፈልጉም ገና ሳታወርዱ የሚታይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግኑቴላ በተባለው የፋይል መለዋወጫ ላይ አንድ ትል ወጥቶ ነበር። ምንም ብትጠይቁት "አለኝ" ይላል። የጠየቃችሁትን ስም ለራሱ ያወጣና 8,192 ባይት ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ የተለያየ ነገር ፈልጋችሁ ሁሌም አንድ ዓይነት መጠን ከመጣ ሽሹ። መጠን ብቻውን ግን አይበቃም። በቀጣዩ ዓመት ካዛ በተባለ ሌላ የፋይል መለዋወጫ ላይ የወጣው ቤንጃሚን የተባለ ትል ራሱን በብዙ ማራኪ ስም ለሌሎች በሚጋራው ፎልደር ያስቀምጥ ነበር፤ መጠኑንም በማይረባ ነገር እየሞላ ይለዋውጠዋል። እንዳትታለሉ መጠኑንም የስሙን መጨረሻም አንድ ላይ እዩ።

"ይህን ቪዲዮ ለማየት ይህን ማጫወቻ ጫን" ካለ አትጫኑ። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ያልከፈተውን ቪዲዮ ሰርዙት።

"ክራኩን ከመክፈትህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ" የሚል ጽሑፍ አብሮት ከመጣስ? (ክራክ የሚሸጥ ፕሮግራምን ያለ ክፍያ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።) ሌባ "ውሻህን እሰርልኝ" ብሎ ቢለምን ታስራላችሁ? ነጻ አማራጭ አለ፤ ለጽሕፈት ሊብሬ ኦፊስ ይበቃል።

"ሳልጠቀምበት ፓኬጄ አለቀ"

ይሄ ሁልጊዜ ትል አይደለም። ቶረንት ያወረደውን ለሌሎች መልሶ ይሰጣል፤ ካልዘጋችሁት ሌሊቱን ሲልክ ያድራል። መስኮቱን መዝጋት ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ከታች ሰዓቱ አጠገብ ካለው ምልክት ላይ "ኤግዚት" በሉት። ከዚያ "ታስክ ማናጀር" ከፍታችሁ ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ የማታውቁት ፕሮግራም ከላከ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ስካን አድርጉ። የምታጋሩት ፎልደርም ሙሉው ዲስክ ሳይሆን አንድ ባዶ ፎልደር ይሁን። የደመወዝ ደረሰኙን ለዓለም ያጋራ ሰው አይቻለሁ።

"አንቲቫይረሱ አልከፈት አለ"

ትሉ ቀድሟችኋል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው ኮንፊከር የተባለ ትል የአንቲቫይረስ ድርጅቶችን ድረ ገጽ ሳይቀር ይዘጋ ነበር። ዩትዩብ እየከፈተ የአንቲቫይረስ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ይህን ጠርጥሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ "ኦፍላይን ስካን" የሚል አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ትሉ ሳይነቃ ይፈትሻል። ከመጀመራችሁ በፊት የከፈታችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ፤ መብራት የሚቆራረጥበት ሰዓት ከሆነም ቆይታችሁ ጀምሩ።

"የቢሮው ኮምፒውተር በአንድ ቀን ሁሉም ታመመ"

ማንም ምንም ሳይነካ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚሻገር ትል አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ እንዲህ ነው የተዛመተው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በመጋቢት ነበር፤ 2 ወር ቀድሞ። የተጠቃው ያልጫነው ነው። እኛ ጋ ፓኬጅ እንዳይጨርስ ተብሎ አፕዴት ይጠፋል። ዊንዶውስ 7 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ወዲህ መደበኛ አፕዴት አያገኝም።

መጀመሪያ የሁሉንም የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። አንድ በአንድ አጽዱ፣ አፕዴት አድርጉ። ሁሉም ሳያልቅ አንዱንም መልሳችሁ አትሰኩ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት 4ቱን አጽድቼ ገመዱን መለስኩ። በማግስቱ ተደወለልኝ። ዕቃ ክፍል ውስጥ ለፕሪንተር ብቻ የሚነሳ 5ኛ ኮምፒውተር ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ እነሱም ቆጥረው አልነገሩኝም። እሱን ካጸዳሁ በኋላ 4ቱንም እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ የሁለተኛውን ቀን ሂሳብ መጠየቅ አፈርኩ።