ስንዴን ከዱር ዘመዶቹ አዳቅሎ ዋግን መመከት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሰንዳፋም ሆነ አቃቂ፣ ከስንዴ ገበሬ ጋር የዘር ወሬ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ዋግ የማይነካው መጣ ወይ?» ዋግ ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው፤ የቅጠል፣ የግንድና ቢጫ ዋግ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። አዳቃዮች መልሱን ፍለጋ ወደ ስንዴ የዱር ዘመዶች መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሥራው አዲስ የሆነ ባለሙያም የሚሳሳተው ከዚህ በታች ባሉት ቦታዎች ነው።

ማሳ ውስጥ ያገኙትን ሣር ሁሉ የስንዴ ዘመድ ማድረግ

«ይሄ ሲናር ምንም አይነካው፤ ለምን ከሱ አታዳቅሉትም?» ይባላል። ሲናር የአጃ ወገን ነው፤ እንክርዳድም ቢሆን ስንዴ መስሎ ቢበቅል ዝምድናው ሩቅ ነው። ለስንዴ ዋግ የመቋቋም ዘረመል የሰጡት እንደ ኤጂሎፕስና ቲኖፒረም ያሉ ሣሮች፣ የዱር ኤመር የተባለው የዱር ስንዴ እና ራይ የተባለው እህል ናቸው።

አንዴ በማዳቀል ዝርያ ይወጣል ብሎ ማሰብ

አዳቃዩ ከስንዴው ዛላ ላይ ወንዴ ክፍሎቹን ብናኝ ሳያፈሱ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ይነቅላል፤ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፤ ሴቴዋ ስትደርስ የዱር ሣሩን ብናኝ ያራግፍባታል። ዝምድናው የራቀ ከሆነ የሚያዘው ፍሬ ብዙ ጊዜ ጭምትርትር ያለ ነው። ስለዚህ ገና ለጋ ሳለ ፅንሱን አውጥቶ በብልቃጥ ውስጥ በምግብ ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህም አልፎ ሌላ ዘበኛ አለ፦ ፒኤች1 የሚባለው የስንዴ ዘረመል የዱሩ ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የተሸከመው ክር) ከስንዴው ጋር ተጣምሮ ቁራጭ እንዳይለዋወጥ ይከለክላል። አሜሪካዊው ኧርነስት ሲርስ እ.ኤ.አ. በ1956 ከኤጂሎፕስ የቅጠል ዋግን የሚቋቋም ዘረመል ወደ ስንዴ ያሻገረው ክሮሞዞሙን በኤክስሬይ ሰባብሮ ነበር።

የሚፈለገው ዘረመል ብቻውን ይመጣል ብሎ መገመት

አይመጣም። ከዱር የተቆረጠው የክሮሞዞም ክፍል ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚገባው። የግንድ ዋግን የሚቋቋሙ ዘረመሎች «ኤስአር» ተብለው በቁጥር ይጠራሉ፤ ከቲኖፒረም የመጣው ኤስአር24 መጀመሪያ የፍሬውን ቅላት አስከትሎ መጣ፤ ነጭ ስንዴ ለሚፈልግ ገበያ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ኤስአር26 ደግሞ ምርት ይቀንሳል ተብሎ ብዙ አዳቃዮች ሸሽተውት ነበር። የራይ ቁራጭ ያለበት ስንዴ ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዳቦ ቤቶች ቅሬታ የሚያቀርቡበት ይህ ነው። ስለዚህ ከጥሩው ስንዴ ጋር ደጋግሞ መልሶ ማዳቀል፣ በዲኤንኤ ምልክትም ቁራጩን እያሳጠሩ መሄድ ግድ ነው። በእኔ እይታ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ዋግ አልነካውም ተብሎ ተጨብጭቦለት ለሊጡና ለምርቱ ግን ማንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

በአንድ ዘረመል መታመን

ከራይ የመጣው ኤስአር31 በብዙ አገሮች ስንዴ ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት የግንድ ዋግን አግዷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዑጋንዳ ውስጥ ይህን ዘረመል የሚያልፍ የዋግ ዘር (የፈንገሱ ዓይነት) ተገኘ፤ ዩጂ99 ተባለ። እኛ ዘንድ ለመድረስም ብዙ አልቆየም። ከዚያ የባሰው ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ከመታ በኋላ ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ከዩጂ99 የተለየ የግንድ ዋግ ዘር ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አወደመው። ሰፊ ማሳ በአንድ ዝርያ መሸፈን፣ ዝርያውም በአንድ ዘረመል መቆም፣ ፈንገሱ ያንን አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲፈልግ መጋበዝ ነው። የሚሻለው ሁለትና ሦስት ዘረመል በአንድ ስንዴ ላይ መደራረብ ነው፤ ያንኑ ዘረመል በሌላ ዝርያ ላይ ብቻውን ለቆ ማሳ ላይ ማሰራጨትን መተውም አብሮ ይመጣል።

ችግኝ ላይ ብቻ ወይም አንድ ቦታ ብቻ መፈተሽ

ኤስአር2ን የመሰሉ ዘገምተኛ መከላከያዎች ችግኝ ላይ አይታዩም፤ ተክሉ ሲያድግ ነው የሚሠሩት። ችግኝ ላይ ታመመ ተብሎ የሚጣለው መስመር (በሙከራ ላይ ያለ ስንዴ) አንዳንዴ ዕድሜ ያለው መከላከያ የያዘው ነው። ቦታም ይወስናል። ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ሆለታ ለሱ ይስማማዋል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጡ የፓስታ ስንዴ መስመሮች ሳይቀሩ ደብረ ዘይት የሚፈተኑት ለዚህ ነው። አንዱን የተቋቋመ ሌላውን ይቋቋማል ማለት አይደለም።

«ዘረመሉ የተቀየረ ነው» ብሎ መሸሽ

እስካሁን ያወራነው በብናኝ የሚደረግ ማዳቀል ነው። ዘረመል በላቦራቶሪ የማስገባት ዘዴ ሌላ ነው።

የሚቋቋም ዘር ዘርቶ ማሳውን መርሳት

ገበያ ላይ ለእህል ከቀረበ ስንዴ ገዝቶ መዝራት ስሙን የማያውቁትን ዝርያ መዝራት ነው። ትክክለኛው ዘር ተዘርቶም ቢሆን ቅጠሉን በጣት ፈተግ አድርጎ ማየት አይቅር፤ ጣት ላይ ቢጫ ወይም የጡብ ቀለም ያለው ዱቄት ከቀረ ዋግ ነው። ያኔ መድኃኒት ከመርጨት በፊት የታመመውን ቅጠል ወይም ግንድ ቆርጦ፣ እንዳይሻግት በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ፖስታ ከቶ፣ የዝርያውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ወደ ምርምር ማዕከል መላክ ነው። የትኛው የዋግ ዘር እንደሆነ የሚለዩት ከዚያ ናሙና ነው፤ መድኃኒቱ ናሙናው ከተቆረጠ በኋላ ይረጫል፤ ውጤቱን መጠበቅ አያስፈልግም።