የፋብሪካ ጫጫታ ልኬት ስታቅዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከቃሊቲ ወጥታችሁ አቃቂን፣ ገላንን፣ ዱከምን ስታልፉ ግራና ቀኙ ፋብሪካ ነው። ብረት ይቀልጣል፣ ቆርቆሮ ይታጠፋል፣ ፕላስቲክ ይፈጫል። ማታ ሰርቪስ ውስጥ ሠራተኞቹን አዳምጧቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው እየጮሁ ነው የሚያወሩት፣ ጆሯቸው ገና ከማሽኑ አልወጣማ። ጠዋት ይሻላቸዋል። ይሄ ነገር በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ጠዋትም አይሻልም፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ስለዚህ ልኬቱ መደረጉ ጥሩ ነው። ያሳዘነኝ፣ ያየኋቸው ብዙ ልኬቶች የተበላሹት መሣሪያው ገና ከሻንጣው ሳይወጣ፣ ዕቅዱ ላይ መሆኑ ነው።

ማሽኑን ለክቶ ሰውየውን መርሳት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ገላን አካባቢ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ገብቼ እያንዳንዱን ማሽን ለካሁ። የወለሉን ካርታ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀባሁት። ማሸጊያ ክፍሉ 84 ዴሲቤል ነበርና አረንጓዴ አደረግኩት። ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል፣ ለሥራ መውጫ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ አንዱ የማሸጊያ ልጅ የኮምፕረሰሩን ጎማ እየጎተተ መጣ። ጠረጴዛውን በአየር ነፋ፣ የማሽኑን ሥር ነፋ፣ በመጨረሻ የገዛ ቱታውን መንፋት ጀመረ። (ይሄ በራሱ አደገኛ ነው፣ አየሩ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ብቻ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) መለኪያውን ጆሮው አጠገብ ስይዘው 102 አለኝ። «ሁሌ ነው እንዴ እንዲህ የምታጸዳው?» አልኩት። «ሁሌ ነው፣ ሳላጸዳ ፎርማኑ አያስወጣኝም» አለኝ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። 7 ሰዓት ተኩል በ84፣ ግማሽ ሰዓት በ102። ዓይናችሁ «85 ወይ 86 ይሆናል» ይላችኋል። የስምንት ሰዓቱ ውጤት የሚመጣው ግን ወደ 91 ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ብር አይደመርም፤ በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። 85 ላይ 8 ሰዓት መቆየት (እዚህ እንደ ወሰን የምንይዘው ይሄን ነው)፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ ደግሞ 15 ደቂቃ ከመቆየት ጋር እኩል ነው። አረንጓዴ የቀባሁት ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ከብዙ ቢጫ ክፍል ሠራተኛ በላይ እየተጎዳ ነበር ማለት ነው።

ካርታው ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም፣ ጩኸቱ የት እንዳለ ያሳያል። ማን በቀን ምን ያህል ጩኸት እንደጠጣ ግን አያሳይም። ዕቅዳችሁን ከሰው ጀምሩ። ሠራተኛው ከገባበት ሰዓት እስከሚወጣበት ምን ይሠራል፣ የት ይቆማል፣ ስንት ደቂቃ? ይሄን ከፎርማኑ ብቻ ሳይሆን ከራሱም ጠይቁ። ፎርማኑ ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይነግራችኋል፤ ሠራተኛው እንዴት እንደሚሠራ ይነግራችኋል።

ሳይዞሩ መለካት

ከልኬቱ በፊት አንድ ቀን ባዶ እጃችሁን ዙሩ። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመግባባት ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ፣ ቦታው 85 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ለዚህ ባትሪ አያስፈልግም።

ቀኑን እንደተመቸ መምረጥ

እኛ አገር ይሄ ከሌላ አገር ይከፋል። ኤልሲ (ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) ሳይከፈት ቀርቶ ጥሬ ዕቃ ካለቀ፣ ከስድስቱ መስመር ሁለቱ ብቻ የሚሠሩበት ሳምንት ይኖራል። በዚያ ሳምንት ለክታችሁ «ፋብሪካው ሰላም ነው» ብትሉ ውሸት ጻፋችሁ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ትዕዛዝ ይጎርፋል፣ ሁሉም መስመር ይነሳል፣ ኦቨርታይም ይጨመራል። ሁለት እኩል ማሽኖች አብረው ሲሠሩ ከአንዱ 3 ዴሲቤል ይጨምራሉ፤ አራት ሲሆኑ 6።

መብራት የሄደ ቀንስ? ብዙ ሰው መብራት ሲሄድ ልኬቱን አቋርጦ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ጄኔሬተሩ የሚነሳው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ መብራት የሚሄድበት ግቢ ውስጥ ጄኔሬተር የሠራተኛው የኑሮ አካል ነው፤ ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ ለብቻው ይለካ። ጄኔሬተር ቤቱ ጥግ ዳሱን የጣለውን ጥበቃም አትርሱት።

ሌላም አለ። አስተዳደሩ «እንግዳ ይመጣል» ብሎ በጣም የሚጮኸውን ማሽን የሚያጠፋበት ቀን አጋጥሞኛል። ክፋት ላይሆን ይችላል፣ የምርት ክፍሉ ኃላፊ እንግዳ ማክበሩ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የዚያን ቀን ስንት መስመር እንደሠራ፣ ስንት ቶን እንደተመረተ፣ በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ከቁጥሩ ጎን መጻፍ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ሰዎች

የኦፕሬተሮች ስም ዝርዝር ከሰው ሀብት ክፍል ይመጣል። የጥገና ልጆች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ጫኝና አውራጆች፣ በኤጀንሲ የገቡ የቀን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሉበትም። የጥገና ሰው ቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጠዋት ወርክሾፕ ቁጭ ይላል፣ ከሰዓት ግራይንደር ይዞ ብረት ሲቆርጥ ይውላል። የእሱን በአምስት ደቂቃ ልኬት አታገኙትም፣ ዶዚሜትር (ትከሻ ላይ ታስሮ የሚውል ትንሽ የጩኸት መለኪያ) አስራችሁለት ሙሉ ፈረቃውን ይዋል፤ እሱንም አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ቢያንስ ሦስት ቀን።

ከአንድ ዓይነት ሠራተኞች አንዱን ለክቶ ለሃያው መፍረድም እዚሁ ይገባል። አይኤስኦ 9612 የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሥራን በየተግባሩ ከፋፍሎ ሲለካ ለእያንዳንዱ ተግባር ቢያንስ ሦስት ልኬት ይጠይቃል፤ ሦስቱ በ3 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከተራራቁ ተጨማሪ ይለካል፣ ወይም ተግባሩ እንደገና ይከፋፈላል። መራራቃቸው የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው፤ አማካይ አውጥታችሁ አትሸፍኑት።

ለሠራተኛው ሳይነግሩ ማሰር

አንድ ጊዜ ዶዚሜትሩን ትከሻዋ ላይ ሳስር አንዲት እናት ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ይሄ የምናወራውን ለቢሮ ይልካል?» አለችኝ። የታሰረባት ነገር ማይክሮፎን ነውና መጠየቋ ልክ ነው፣ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ። «አይ እህቴ፣ የጩኸቱን መጠን ብቻ ነው የሚጽፈው» ብዬ ስክሪኑን አሳየኋት። አብዛኞቹ ዶዚሜትሮች ቁጥር እንጂ ንግግር አያስቀምጡም። የእናንተው ድምፅ የመቅዳት አቅም ካለው አጥፉት፣ ማጥፋታችሁንም ንገሯቸው። ሳይነገረው የታሰረ ሰው ወይ በመሐረብ ይሸፍነዋል፣ ወይ አውልቆ ሎከር ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ለጨዋታ ያፏጭበታል። ገላንና ዱከም ከሆናችሁ ብዙ ሠራተኛ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ማይክሮፎኑ ከጆሮው ቀዳዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻው ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጩኸቱ በሚመጣበት በኩል ይሁን። ኪስ ውስጥ የገባ ማይክሮፎን የጨርቅ ኮሽታ ነው የሚለካው።

መሣሪያውን ማመን

የስልክ አፕ ለመጠርጠሪያ ይሆናል፣ ለሪፖርት አይሆንም። ትክክለኛውንም መሣሪያ ቢሆን ከልኬቱ በፊትና በኋላ በካሊብሬተር ፈትሹት፤ ብዙውን ጊዜ 94 ዴሲቤል የሚያወጣው ትንሹ ሲሊንደር ማለቴ ነው። በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ከ0.5 ዴሲቤል ካለፈ የዚያን ቀን ልኬት ጣሉት። ያማል፣ ግን ጣሉት።

ሴቲንጉንም እዩ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ፣ የኦሻ ደንብ ጩኸቱ በ5 ዴሲቤል ሲጨምር ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ መነሻውም 90 ነው። ናዮሽ (የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም) እና አይኤስኦ የሚከተሉት የ3 ዴሲቤልን ስሌት ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ 95 ዴሲቤል ላይ አንዱ 4 ሰዓት ሲፈቅድ፣ በ85 የሚጀምረው ሌላው 48 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሰጥም። የትኛውን እንደምትከተሉ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ፣ መሣሪያውም እንዲያው ይስተካከል። መዶሻና ፕሬስ ያለበት ቤት ከሆነ የድምፁን ቅጽበታዊ ከፍታ ለብቻው ያዙ፤ ጣሪያው 140 ዴሲቤል ነው።

የ8 ሰዓቱን ቁጥር ለ12 ሰዓት ፈረቃ መስጠት

85 ላይ 12 ሰዓት የሠራ ሰው የ8 ሰዓት ልኩ ወደ 87 ይጠጋል። ኦቨርታይሙን በወረቀት ያለውን ሳይሆን በእውን የሚሠራውን ጠይቁ።

የጆሮ መድፈኛውን ቀድሞ ከቁጥሩ መቀነስ

«92 ነው፣ ግን የጆሮ መድፈኛ 30 ይቀንሳል፣ ስለዚህ 62» የሚል ሪፖርት በዓይኔ አይቻለሁ። ልኬቱ ያለ መድፈኛ ያለውን ጩኸት ይንገረን፣ መድፈኛው በኋላ ለብቻው ይታሰብ። ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር የላቦራቶሪ ነው። ደግሞ 30 የሚቀንስ መድፈኛ ያደረገ ሰው ከ8 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢያወልቀው፣ የቀኑ መከላከያው ወደ 12 ይወርዳል። ለመግባባት ሲል፣ ስልክ ሲያነሳ፣ ላቡ ሲያሳክከው ግማሽ ሰዓት ምን አላት?

ከልኬቱ በኋላ ያለውን አለማቀድ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ ለአደገኛ ሥራም የጤና ምርመራ በራሱ ወጪ እንዲያደርግ። እና ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጠይቁ፦ ከ85 በላይ ቢወጣ ማን ይወስናል? በጀቱ ከየት ነው? የጆሮ ምርመራው የት ይደረጋል? ውጤቱን ለሠራተኛው ማን ይነግረዋል? እነዚህ መልስ ሳያገኙ መሣሪያ አትከራዩ። የድጋሚ ልኬቱንም ወጪ እዚያው አስገቡት። ያ የማሸጊያ ክፍል የአየር ጎማውን ትቶ በቫኪዩምና በብሩሽ ማጽዳት ሲጀምር፣ ተመልሼ ልጁ ትከሻ ላይ ዶዚሜትር አስሬ አንድ ፈረቃ ዋለ። 84 ነበር ያወጣው።