ሩማቶይድ ያለበት ሰው በኮምፒውተር ለታገዘ የጉልበት ቀዶ ሕክምና እንዴት ይሰናዳ?

ጉልበቴን ካስቀየርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። እሱ ይቆየን። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መድኃኒቱ ነው።

የምትወስዱትን ሁሉ ጻፉና የሩማቶይድ ሐኪማችሁና ቀዶ ሐኪሙ እንዲመካከሩበት አድርጉ። በሽታውን የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም፤ እኔ ግን በገዛ እጄ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። እንደ አዳሊሙማብ ያለ መርፌ ሌላ ነው፤ ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚከላከልበትን አቅም ስለሚቀንስ ቀዶ ሕክምናው የሚቀጠረው የመርፌው ጊዜ ሲያልፍ ነው። በየ2 ሳምንቱ እወጋ ስለነበር የእኔ ቀጠሮ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በ3ኛው ሳምንት ዋለ። መርፌውን እንደገና የጀመርኩትም ቁስሉ ደርቆ ስፌቱ ከወጣ በኋላ፣ ከቀዶ ሕክምናው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያዘው በድንገት እንዳያቆም።

አንገታችሁን አስመርምሩ። ራጅ ተነሺ ስባል «አንገቴን ከጉልበቴ ምን አገናኘው?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። በሽታው የላይኞቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች ማያያዣ ሊያላላ ይችላል፤ ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ የመተንፈሻ ቱቦ ሲያስገባ አንገት ስለሚንቀሳቀስ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ልብስ ሰፊ ነኝና በሙያዬ ልናገር፦ ሜትር ነው እንጂ መቀስ አይደለም። በጭንና በቅልጥም አጥንት ላይ በቀጫጭን ብረት ምልክቶች ይተከላሉ፤ የኢንፍራሬድ ካሜራ ያያቸዋል። ሐኪሙ እግሩን ሲያዞረው ኮምፒውተሩ የዳሌውን መገጣጠሚያ መሃል ያገኛል፤ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን መስመር ቅንነት በዲግሪ ያሳያል። የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ስለ መሣሪያው አዲስነት ሳይሆን በዚህ ዘዴ ምን ያህል ጉልበት እንደቀየረ ጠይቁት። በሽታውም ፕሬድኒሶሎኑም አጥንት ስለሚያሳሱ፣ ብረቶቹ የሚተከሉበት ቦታ አልፎ አልፎ ሊሰበር እንደሚችል አንስታችሁ ተነጋገሩ።

እኔ የረሳሁት እጆቼን ነበር። የተለመደውን መደገፊያ ጨብጦ ለመሄድ ጣት ያስፈልጋል፤ የእኔ ጣቶች ደግሞ ክር በስፌት መርፌ ማስገባት ካቆሙ ቆይተዋል። ክንድ የሚያርፍበት መደገፊያ ቀድማችሁ አስመጡና ተለማመዱበት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትራስ ከጉልበት ሥር አታኑሩ፤ ይመቻል፣ ግን ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል። እኔ ተረከዜን ነበር የማስደግፈው። ባታችሁ ቢያብጥና ቢያም፣ ቁስሉ ቢያዥ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ሂዱ።