ጉዞው ሲበላሽ አብሮ ላለመበላሸት

በረራ ይሰረዛል። ባቡር ያመልጣል። ሻንጣ ባለቤቱን ጥሎ ሌላ አገር ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ወዳጅ ይደውልና «አይዟችሁ፣ ለበጎ ነው» ይላል። ይሆናል። ግን ኤርፖርት ወንበር ላይ ለሚያድር ሰው በዚያች ሰዓት ምንም አይጠቅመውም። ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ እጅን አጣምሮ መጠበቁ ነው። ቀጥሎ የምትሰሩት አንድ ትንሽ ነገር ካለ ስሜታችሁም ቀስ እያለ ይመለሳል። ስለዚህ ፈገግ በሉ አልልም። ምን ከምን እንደሚቀድም ነው የምነግራችሁ።

1. ቲኬት ስትቆርጡ

ግማሹ ንዴት የሚገዛው እዚህ ነው። ጉዞው ሁለት በረራ ካለው በአንድ ቲኬት ግዙት። በአንድ ቲኬት ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ በሌላ በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ረከሰ ብላችሁ ለየብቻ ከገዛችሁ ግን ለሁለተኛው አየር መንገድ እናንተ ዝም ብላችሁ የቀራችሁ መንገደኛ ናችሁ። ቲኬቱም ይቃጠላል። ለየብቻ መግዛት ግድ ከሆነ መሃሉ ላይ አንድ ሌሊት ተዉ።

መድኃኒት፣ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ፓወር ባንክማ ድሮም በሚጫን ሻንጣ አይገባም። የቲኬቱንና የሆቴሉን ስክሪንሹት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔት የሚጠፋው ሲፈለግ ነው።

2. መጥፎው ወሬ ሲመጣ

መጀመሪያ ተናደዱ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የተበላሸው የእኔ ጉዞ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም ሰው? የበረራ ሰሌዳውን ቀና ብላችሁ እዩ። ቀይ ጽሑፍ ያለው አንድ መስመር ላይ ከሆነ ፍጠኑ፤ የቀሩትን ጥቂት መቀመጫዎች ቀድሞ የጠየቀ ይወስዳቸዋል። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ቀይ ከሆነ ግን ሩጫው ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሚያዝያ ላይ የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት ሲዘጋ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ በረራ ተሰርዟል። በሐምሌ 2024 ደግሞ አንድ የተበላሸ የሶፍትዌር ማሻሻያ በየአገሩ ያሉ ኮምፒውተሮችን አቁሞ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎችን አስቀረ። እንዲህ ባለ ቀን ብልህ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መቀመጫ ሳይሆን አልጋ ነው። ሆቴል የሚሞላው በሰዓታት ውስጥ ነውና።

3. ካውንተሩ ጋ

ነገሩ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ወረፋ ያዙ፤ ግን ወረፋው ላይ እጃችሁን አጣምራችሁ አትጠብቁ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ይሰለፍ፣ ሌላው ለአየር መንገዱ ይደውል፣ አፕሊኬሽኑም ክፍት ይሁን። ስልኩ ከተያዘ ሌላ አገር ባለው ቢሮ ቁጥር ሞክሩ፤ ሲስተሙ ያው አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ወረፋው ግማሽ ሳይደርስ ነገሩ በስልክ ያልቃል።

እዚያው ቆማችሁ አማራጭ በረራ ራሳችሁ ፈልጉ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ማታ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰውዬ ፓስፖርቱን ካውንተሩ ላይ እየመታ «ሥራ አስኪያጁን ጥሩልኝ!» ይላል። ሠራተኛዋ ከንፈሯን ነክሳ ኪቦርዷን ትነካካለች። በመጨረሻ ጎን ላይ እንዲጠብቅ ነገረችው። ቀጥላ የቀረበችው ሴት የቦርዲንግ ፓሷ ጀርባ ላይ ሦስት የበረራ ቁጥር ጽፋለች። «እህቴ፣ ዛሬ እንደደከመሽ ይታያል። ከነዚህ በአንዱ ቦታ ካለ ብታዪልኝ?» አለቻት። ሁለተኛው ላይ ቦታ ነበር። ሰውዬው አሁንም ጎን ላይ ቆሟል።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ሠራተኛዋ በረራውን አልሰረዘችም፤ ፊቷ መቶ ሰው ተሰልፏል። «መፍትሔ ፈልጊልኝ» ስትሏት ከባዶ መጀመሯ ነው። ቁጥር ስትሰጧት ግን የቀራት ማየትና መጫን ነው። በሌላ አየር መንገድ ወይም በአቅራቢያ ባለ ሌላ ኤርፖርት በኩል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ ካልተጠየቁ ብዙዎቹ አያነሱትም። ለነገ የሚያዛውሯችሁ ከሆነ የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ምረጡ። አውሮፕላኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያደረ ነው፤ የቀኑ መዘግየት ገና አልተጠራቀመበትም።

በገንዘብ ፈንታ ቫውቸር (የመግዣ ወረቀት) ሲዘረጋላችሁ ወዲያው አትፈርሙ። እኔ ቫውቸር አልወድም፤ ጊዜው ያልፍበታል፣ የሚሠራውም በሰጪው ቤት ብቻ ነው። መጀመሪያ መብታችሁን እወቁ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ሲሰረዝ የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261 ምግብና፣ ማደር ካስፈለገ ማረፊያ ያስገድዳል። ስረዛው ድንገት ከተነገራችሁና ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ አለ። የአየር ጠባይ ከሆነ ካሳው ይቀራል፤ ምግቡና አልጋው ግን አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አየር መንገዱ ሰርዞ እናንተም ላለመሄድ ከወሰናችሁ ገንዘቡ በከፈላችሁበት መንገድ ይመለሳል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ደረሰኝ አትጣሉ።

4. ሻንጣው ካልመጣ

ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አመልክቱ፣ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ተቀበሉ። ከወጣችሁ በኋላ ማስረዳቱ መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ስምምነት መሠረት ተጎድቶ ለደረሰ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ለደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። በ21 ቀን ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። «ጥቁር ነው፣ መካከለኛ» ማለት ለማንም አይረዳም።

5. ጥበቃውና አብሯችሁ ያለው ሰው

ስልኩን በየደቂቃው አታድሱ። በየሰዓቱ አላርም ሙሉና መሃል ላይ ተኙ፣ አንብቡ፣ ተራመዱ። ሳትራቡ ብሉ፤ የራበው ሰው ምክንያት አይሰማም። ተሰብስቦ ከሚራገመው ቡድን ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሲያዩት ወሬው ይጥማል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የእነሱን ንዴት ተሸክማችሁ ትነሳላችሁ።

ከሰው ጋር ከሆናችሁ ዋናው አደጋ ጸቡ ነው። «ቀደም ብለን እንውጣ ብዬሽ ነበር» የምትለዋን ነገር ዋጧት። እውነት ብትሆንም። ማን እንዳጠፋ የሚወራው ሁሉም ተኝቶ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው የለም። ሥራ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ቲኬት፣ አንዱ ማረፊያ። ልጆች ካሉ እውነቱን ንገሯቸው። «አሁን እንሄዳለን፣ አሁን እንሄዳለን» እያሉ ማታለል የሚሠራው አንዴ ነው። «ዛሬ አንሄድም፣ እዚህ እናድራለን» ሲባሉ ከትልቅ ሰው ቶሎ ይቀበላሉ።

6. የቀረውን ጊዜ እንደገና አውጡ

ሁለት ቀን ከተቃጠለ የአምስቱን ቀን ፕሮግራም በሦስቱ ላይ አትጠቅጥቁት። ያኔ የተረፈውም ሩጫ ይሆናል። የሄዳችሁበት ዋና ነገር ምንድን ነው? ሠርግ ነው? ባሕር ነው? አያትን ማየት ነው? እሱን ያዙና ሌላውን ያለ ጸጸት ሰርዙ።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የደርሶ መልስ ቲኬት ይዛችሁ የመሄጃውን በረራ ትታችሁ በሌላ መንገድ ከሄዳችሁ፣ አየር መንገዱ መመለሻውንም ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ሳትነግሯቸው አትቅሩ። ሆቴሉም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ካልደረሳችሁ «አልመጡም» ብሎ የያዛችሁትን ክፍል ለቀሩትም ቀናት ለሌላ ሰው ሊለቀው ይችላል። ደውሉና እንደዘገያችሁ ንገሩ፤ ማረጋገጫውንም በኢሜይል እንዲልኩ ጠይቁ። ቀን የተባላችሁትን ሌሊት ፈረቃ የገባው ሰው አያውቀውም።