የኮሌጅ ሜዳን ወደ ስታዲየም ማሳደግ፦ ከየት ይጀመር?

ኮሌጃችሁ ሜዳ አለው እንበል። ሁለት ጎል ተተክሎበታል፣ ተማሪው ዳር ዳሩን ቆሞ ያያል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ነው። ከሰሜን ሸዋ ከተሞች ደብረ ብርሃን ሁኑ፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ፣ «ይህን ሜዳ ስታዲየም እናድርገው» የሚል ሐሳብ ከተነሳ ያዙት፣ አትልቀቁት። ብዙ ቦታ ግን የሚሆነው ምንድን ነው? የሚያምር ሥዕል ይሠራል፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ በጀት ይጠበቃል። አትጠብቁ። ስታዲየም እየተቀጠለ ነው የሚያድገው።

ይህን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የአሜሪካ ኮሌጆች ታሪክ ነው። ከ100,000 ሰው በላይ የሚይዙ የኮሌጅ ስታዲየሞች አሏቸው። የሚጫወቱት የእኛን እግር ኳስ ሳይሆን በእጅ የሚያዘውን ሞላላ ኳስ ነው፣ የግንባታው ጣጣ ግን ያው ነው። (የእነሱን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጨረሻውን አስቀድማችሁ አስቡ

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በ1927 ሲከፈት የተሠራው ለ72,000 ሰው ነበር። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ፊልዲንግ ዮስት ግን አንድ ቀን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንደሚመጣ ያምን ስለነበር መሠረቱ ያንን እንዲሸከም ተደርጎ ተጣለ። በ1949 ከላይ የነበረው የእንጨት መቀመጫ በብረት ተተካና 97,000 አለፈ። በ1956 ደግሞ 101,000 ደረሰ። ዛሬ 107,601 ሰው ይይዛል። መሠረቱ ያኔ ባይታሰብበት ኖሮ እያፈረሱ መሥራት ነበር።

ለእናንተ ቁጥሩ 5,000 ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምትሠሩት ለ1,000 ብቻ ቢሆንም የ5,000ውን ቦታ በሳይት ፕላኑ ላይ አስከብሩ። እግር ኳስ ሜዳው ብቻውን 105 በ68 ሜትር ይፈልጋል። ባለ 400 ሜትር መሮጫ ከጨመራችሁ ወደ 177 በ93 ሜትር ይደርሳል፣ መቀመጫው ከዚያ ውጪ ነው። ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፣ አለዚያ ከሰዓት በኋላ አንዱ በረኛ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ በዚያ መስመር ውስጥ ዶርምም፣ ካፌም፣ ወርክሾፕም እንዳይገባ። አንዴ ብሎኬት ከተደረደረ በኋላ የሚያነሳው የለም።

ጠባብ አድርጎ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ሃርቫርድ ያውቃል። በ1903 ስታዲየሙን በአርማታ ሠራ፣ በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጨዋታው ተጫዋች እስከመግደል ስለደረሰ ሜዳው ይስፋና ግፊያው ይቀንስ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሃርቫርድ አርማታ ግን ወዴትም አይሄድም። ሜዳውን ማስፋት ቀረና በ1906 ኳሱን ወደ ፊት በእጅ መወርወር ተፈቀደ። የአንድ ስታዲየም ጥበት የጨዋታን ሕግ እስከመቀየር ደረሰ ማለት ነው! ስለዚህ ከመስመሩ ውጪ ዙሪያውን ትርፍ ቦታ ተዉ።

አፈሩና ውሃው

ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ብዙ ሜዳ መረሬ ነው። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የተቀመጠ ግንብ አብሮት ይሰነጠቃል። ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ራሳችሁ እዩት። ዝናቡ ሳይጀምር፣ ደረቅ ባለበት ጊዜ ሜዳው ላይ ውጡ፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ከአንድ ክንድ ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጡና አርጥቡት፣ በሁለት መዳፋችሁ መሐል እያሻሻችሁ አቅጥኑት። እንደ ክር ቀጥኖ ሳይበጠስ ከረዘመ ሸክላው ብዙ ነው። መቀመጫ የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ቆፍራችሁ አውጡትና በገረጋንቲ ተኩት። ገረጋንቲውን ሲኖ እያመጣ ስለከመረው ብቻ አትርኩ፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮሎ እየተጠቀጠቀ ነው የሚሞላው። እዚህ ላይ የቆጠባችሁት ብር በኋላ እጥፍ ሆኖ ይመጣባችኋል።

ለመጫወቻው ደግሞ ውሃው ይውጣ። ሜዳው ሙሉ በሙሉ ልሙጥ መሆን የለበትም፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ዳር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ዝቅ ይበል። ዓይን አያየውም፣ ውሃው ግን ያውቀዋል። ከተራራው በኩል የሚመጣውን ጎርፍ ሜዳው ጋ ሳይደርስ የሚጠልፍ ቦይ ቆፍሩ። የሚሺጋኖቹ ስታዲየም ሦስት አራተኛው ከመሬት በታች ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ ነበር፤ የሣሩ ሥር አልጠና ብሎ ብዙ ተቸግረዋል። በ1969 ሰው ሠራሽ ምንጣፍ አደረጉ፣ በ1991 ወደ ሣር ተመለሱ፣ በ2003 እንደገና ወደ ሰው ሠራሹ። ውሃ በሚቋጥር ቦታ ወደ ታች አትቆፍሩ።

ተዳፋት ካላችሁ እድለኞች ናችሁ

የዬል ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በ1914 ሲከፈት ወደ 70,000 ሰው ይይዝ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መሐሉን ቆፈሩ፣ የወጣውን አፈር ዙሪያውን ከመሩት፣ መቀመጫውን ክምሩ ላይ አሳረፉ። ፎቅ መቆም ሳያስፈልገው ስታዲየም ሆነ።

በእኛ አገር ደግሞ ክምሩን እግዜር ሠርቶ ሰጥቶናል። ከሜዳው በስተምዕራብ ተዳፋት ካለ እዚያ ላይ በድንጋይ እርከን ሥሩ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከተመልካቹ ጀርባ ትሆናለች። ድንጋይ በየአካባቢው ካባ አለ፣ ድንጋይ መካብ ደግሞ የመንዝ ገበሬ ከአባቱ የተማረው ሙያ ነው፣ ግንበኛ ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም። አንዱ ደረጃ 40 ሳንቲ ከፍታና 80 ሳንቲ ወርድ ይኑረው፤ ሰው ተቀምጦበት ከኋላው ሌላው እግሩን የሚያሳርፍበት ይተርፋል። ለአንድ ሰው 50 ሳንቲ ብትመድቡ የ60 ሜትር መደዳ 120 ሰው ያስቀምጣል። አሥር መደዳ 1,200 ሰው ነው። መሐል መሐሉን ለመተላለፊያ ስትቀንሱ ወደ 1,000 ይመጣል። በቃ፣ የመጀመሪያው ዙር ይሄ ነው።

ተዳፋት በሌለበት በኩል የብረት መቀመጫ አድርጉ፣ ግን በብየዳ ሳይሆን በቡሎን የሚታሰር። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1959 የጨዋታ ዘመን በኋላ የድሮውን የብረት ስታዲየሙን 700 ቁራጭ አድርጎ ፈታትቶ አንድ ማይል ያህል ወስዶ እንደገና ገጣጠመው። በ1978 ደግሞ ያንኑ ቆራርጠው በጃክ ወደ ላይ አነሱትና ከሥሩ አዲስ መደዳ ጨመሩ። ሃርቫርድም በ1929 ክፍት በነበረው ጫፍ ላይ የብረት መቀመጫ ጨምሮ ነበር፣ በ1951 አነሳው። ቱቦላሬውን የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች እንደ ተግባር ልምምድ ቢሠሩት ደግሞ ሁለት ጥቅም ነው።

ፔንሲልቬንያዎች በ1978 መቀመጫ ለመጨመር የመሮጫውን መም አጥፍተዋል። ይህን አትከተሉ። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ኮሌጅ መሮጫ ሳይኖረው መቀመጫ ቢደረድር አይገባኝም። ታርታን (ሰው ሠራሹ የመሮጫ ንጣፍ) ባይኖር በደቀቀ ቀይ አሸዋ ይሁን፣ ቦታው ብቻ ይጠበቅ።

ገንዘቡ

ሃርቫርድን ያስጀመረው የ1879 ምሩቃን ያሰባሰቡት ስጦታ ነው። ሚሺጋን ደግሞ 500 ዶላር የሚያወጣ 3,000 ቦንድ አቀረበ፤ የገዛ ሰው ከወለዱ ሌላ ትኬት የመግዛት ቅድሚያ ያገኝ ነበር። እናንተ ቦንድ ለመሸጥ ሕጉ ስለሚያስቸግር በስጦታ ሂዱ፣ ግን ለይታችሁ ጠይቁ። «ለስታዲየም አዋጡ» ሲባል ማንም ኪሱ አይገባም። «የእናንተ ባች አንድ መደዳ ይሥራ፣ ዓመተ ምሕረቱ ድንጋዩ ላይ ይቀረጻል» ሲባል ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ በኮሌጁ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይቆረጥበት፣ የወጣውም በየሴሚስተሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጉልበቱን ደግሞ በጅጌ። ድንጋይ ማቅረብና ቦይ መቆፈር ለቅዳሜ ጠዋት የሚሆን ሥራ ነው።

ጣሪያ የመጨረሻው ነገር ይሁን። ሁሉም ጥላ ፎቅ ያምረዋል፣ ግን መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ፣ የተጫዋች መልበሻ ክፍልና ሰፊ መውጫ ይቀድማሉ። ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ የተጫወተው ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት ስላላሟሉ ነው። የመውጫ በሮች ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ፣ በጨዋታ ሰዓትም አይቆለፉ።

የጊዜው ነገር ቀላል ነው። የአፈር ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ቦዩ ከሰኔ በፊት አልቆ ይጠብቅ። ሰርዶውን ዝናቡ ሲጀምር ትከሉና ክረምቱን ሙሉ ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው አጥሩት። ደጋ ላይ ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ አለ። ውርጭ የያዘው ሣር ሲረገጥ ተሰብሮ ይጠቁራል፣ ስለዚህ የጠዋቱን ልምምድ ፀሐይ ወጥቶ ሜዳው እስኪሞቅ፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ ድረስ አቆዩት።