ጨረታው አልሄድ ሲል፦ በቴሌግራም እቃ ለምትሸጡ ጎንደሬዎች

በግሩፕ ላይ የሚወጣ ጨረታ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ማስታወቂያው ሲጻፍ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮችም ከአንዱ በስተቀር እዚያው የሚታረሙ ናቸው።

ሰው ያያል፣ ዋጋ የሚጠራ ግን የለም

መነሻ ዋጋችሁን ተመልከቱ። 20 ሺህ ብር ያወጣል ያላችሁትን እቃ ከ18 ሺህ ካስጀመራችሁ ማን ይጫረታል? ዝቅ አድርጉት። ከዚህ በታች አልሸጥም የምትሉት ዋጋ ካላችሁ መኖሩን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ «አይበቃኝም» የሚል ሻጭ ሁለተኛ ተጫራች አያገኝም።

መነሻው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የፎቶው ነው። የእግር ሲንጀር ከሩቅ አንድ ፎቶ ተነስቶ «በጣም ንጹሕ» ተብሎ ይለጠፋል። አራዳ ያለ ልብስ ሰፊ ከዚህ ምን ይረዳል? ሁለት ጨርቅ ደርባችሁ ስትሰፉበት በቪዲዮ ቅዱ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልብጣችሁ የሥሩን ስፌት አሳዩ። ክሩ ከሥር ከተቋጠረ ወይም ከላላ እሱ ወዲያው ያውቀዋል፤ እኩል ከሄደ ደግሞ ሌላ ሙገሳ አያስፈልገውም። ሴሪያል ቁጥሩን አቅርባችሁ አንሱ። የተሰበረ ነገር ካለው እሱን አስቀድሙ።

ውጭ አገር ያሉት ከተዘጋ በኋላ ይመጣሉ

«ማታ 3 ሰዓት» ያላችሁትን ዋሽንግተን ያለችው በስልኳ ሰዓት ነው የምታነበው። «በኢትዮጵያ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 21:00» ብላችሁ ጻፉ። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ኋላ ናት።

ሁሉም የመጨረሻዋን ደቂቃ ይጠብቃል

የመዝጊያ ሰዓቱ የተቆረጠ ጨረታ ሁሉ፣ ኢቤይም ጭምር፣ ይህ ጠባይ አለበት። እኛ ጋ የኔትወርኩ ነገር ሲጨመርበት መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ዋጋ ከተጠራ 5 ደቂቃ እንደሚራዘም፣ ኔትወርክ ከጠፋም በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደሚዘጋ ጻፉ። ቴሌግራም የተላከን መልእክት ለማረም ስለሚፈቅድ «ኤዲት የተደረገ ዋጋ አይቆጠርም» በሉ። የጭማሪውንም ልክ ወስኑ፤ አለዚያ በ10 በ10 ብር የሚያሰለች አይጠፋም።

አሸናፊው ጠፋ

ቀብድ። የመንግሥት ጨረታ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ለርካሽ እቃ ግን ቀብድ ሰው ያሸሻል፤ እዚያ «እስከ ነገ ቀን 6 ሰዓት ካልከፈለ ለሁለተኛው ያልፋል» የምትል መስመር ትበቃለች።

«ልኬያለሁ» ይላል፣ ገንዘቡ የለም

ስክሪንሾት ማንም ይሠራዋል። ቴሌብር ከሆነ በ*127#፣ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# ሂሳባችሁን ሳታዩ እቃውን አታስረክቡ። «መኪናው ሊወጣ ነው፣ ቶሎ በል» የሚል ገዢ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ረጋ በሉ።

ብራና ወይም አሮጌ መስቀል ሲወጣ ዋጋው ይጦፋል

ማስታወቂያ የማያርመው ይህ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ማስታወቂያውን ከግሩፑ አንሱት።

አዲስ የወለቃ ሸክላ ግን እንደ ልባችሁ ሽጡ። ችግሩ መንገድ ላይ መሰበሩ ነው፦ ውስጡንም ዙሪያውንም ጭድ ጠቅጥቁበት፣ ካርቶኑን ስትነቀንቁት ምንም እንዳይንቀሳቀስ፤ ከመታሸጉ በፊትም ለገዢው ፎቶ ላኩለት።