የሪሞት ውድድር መኪናን ማሻሻል፦ ከኩሽኔታ ጀምሮ እስከ ሞተር

የመጀመሪያውን የሪሞት ውድድር መኪና ገጥሞ ለጥቂት ሳምንታት የነዳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያምረው ኃይለኛ ሞተር ነው። ነገር ግን ኃይሉ ወደ ጎማ የሚደርስበት መንገድ ሳይስተካከል ሞተር ብቻ ቢለወጥ፣ ትርፉ የተበላ ጥርስና የቀለጠ ፕላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሻሲው ተነሥቶ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሄዳል። ለምሳሌ የምወስደው የጃፓኑ የሞዴል መኪና አምራች ታሚያ በ2013 ያወጣውን ቲቲ-02 የተባለውን አንድ አሥረኛ መጠን ያለው ሻሲ ነው፤ አራቱም ጎማዎቹ በመሐል ዘንግ የሚነዱ፣ ዋጋው የማይከብድና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ መኪና ነው። ውድድር ለመግባት ያሰበ ሰው ግን አንድም ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የውድድሩን ደንብ ያንብብ፤ ብዙ ክለቦች በዚህ ሻሲ በሚያካሂዱት ውድድር የሞተሩን ዓይነትና የሚፈቀዱትን መለዋወጫዎች ይወስናሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ካቻቪቴ ነው። የታሚያ ብሎኖች የጃፓን ደረጃ መስቀለኛ ራስ ስላላቸው፣ ተራው መስቀለኛ ካቻቪቴ ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል፤ ራሱ የተበላ ብሎን ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ ሲቀር ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ከዚያ የሚከተለው ኩሽኔታ ነው። በሳጥኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት የፕላስቲክ ቡሺንጎች አቧራ ሲገባባቸው እንደ አሸዋ ወረቀት ዘንጉን ይፍቃሉ። አብዛኞቹ የቲቲ-02 ኩሽኔታዎች የውስጥ ዲያሜትራቸው 5፣ የውጭው 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀሩትን መጠንና ቁጥር ከመግጠሚያ መጽሐፉ ላይ ማየት ይቻላል። ልዩነቱን ለማወቅ ኩሽኔታውን የአንድ ወገን ጎማ ላይ ብቻ ይግጠሙና ሁለቱንም በጣት ያሽከርክሩ፤ ያለኩሽኔታው ቶሎ ሲቆም ሌላኛው እየዞረ ይቀራል። በዚህ ገንዘብ የሚገኘውን ፍጥነት ሌላ ምንም ዕቃ አይሰጥም ብዬ አምናለሁ።

ሳጥኑ ይዞት የሚመጣው የመንገድ ንቅናቄ ማለዘቢያ ዘይት የሌለው፣ በመፋተግ ብቻ የሚሠራ ነው፤ መኪናዋ ጉብታ ላይ እንደ ኳስ የምትነጥረውም ስለዚህ ነው። ዘይት የሚሞላበትን ሲገጥሙ ቱቦውን በሲሊኮን ዘይት ሞልተው ፒስተኑን ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ አረፋው ተነሥቶ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ከዚያ ክዳኑን ይዝጉ። ለመነሻ የውፍረት ቁጥሩ 400 የሆነው ዘይት ይበቃል፤ ሜዳው የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ከሆነ ቀጠን ያለው ይሻላል። የግራና የቀኙ ርዝመት ግን በካሊፐር ተለክቶ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ መኪናዋ ቀጥታ ላይ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ከመሬት ያላት ከፍታ ለለሰለሰ ሜዳ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለሸካራ አስፋልት ከዚያ በላይ ይሁን።

ስለ አሉሚኒየም መለዋወጫ አንድ ነገር ልበል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ፕላስቲክ ሲሆን ግጭት ላይ ተለምጦ ይመለሳል፣ አሉሚኒየሙ ግን ተጣምሞ ይቀራል ወይም ጉዳቱን ወደ ሻሲው ያሳልፈዋል። ብረት የሚገባው ለሞተር መያዣውና ለመሐል ዘንጉ ነው፤ የፊተኛው ሙቀት ያወጣል፣ የኋለኛው አይወላገድም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ ቅድሚያ የሚሰጠው የፊት ጎማዎቹን ለሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ ለመሪው ሰርቮ ነው። ስልሳ ዲግሪ ለመዞር 0.12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች የሚፈጅበትን ይምረጡ። ክንዱን ከመግጠምዎ በፊት ሰርቮውን በኤሌክትሪክ አስነሥተው መሐል ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ሰርቮውን ከግጭት የሚጠብቀው ፕላስቲክ ልል ከሆነም አብሮ ይለወጥ፤ የፊት ጎማዎቹን በእጅ ይዘው ግራና ቀኝ ሲገፉ ሰርቮው ሳይንቀሳቀስ ጎማው የሚላወስ ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው።

አሁን ሞተር። ካርቦን ካለው ሞተር ካርቦን ወደሌለው፣ ብረሽለስ ወደሚባለው ሲሸጋገሩ የፍጥነት መቆጣጠሪያውም የሚስማማ መሆን አለበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት ይመረጣል። የሞተሩ ኬቪ በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራል፦ 3000 ኬቪ በባትሪው መደበኛ 7.4 ቮልት ሲባዛ ያለጭነት በደቂቃ 22,200 ዙር ነው። ቲቲ-02 ሞተሩ ዘንግ ላይ በሚገጠመው ትንሽ ማርሽ፣ በ22 ጥርስ ፒኒየንና በ70 ጥርስ ትልቁ ማርሽ አጠቃላይ ምጥጥኑ 8.27 ስለሆነ (ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 8.27 ጊዜ ይዞራል)፣ 64 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ጎማ በስሌት በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለጠባብ ሜዳ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የዘንጉን አቀማመጥ ለመቆጣጠሪያው የሚነግር የሴንሰር ሽቦ ያለው ሞተር ሲነሣ ስለማይንገጫገጭ እሱን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉት ሦስት ወፍራም ሽቦዎች በየፊደላቸው ካልተገጠሙ መቆጣጠሪያው ሊቃጠል ይችላል።

ፒኒየኑን የምትይዘው ትንሿ ብሎን የሞተሩ ዘንግ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ገጽ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለባት፤ ዘይቱ ተጠርጎ አንድ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ ይደረግባታል። እኔ ቸኩዬ ክቡ ገጽ ላይ አጥብቄያት ሦስተኛው ዙር ላይ ፒኒየኑ ተንሸራትቶ ትልቁን ማርሽ እንደ ቆሎ ፈጭቶት አገኘሁት። በዚህ ሻሲ የሞተሩ ብሎን ቀዳዳ በፒኒየኑ ጥርስ ብዛት ይለያያል፤ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክረው ይግጠሙ።

ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሴል ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የሊፖ መከላከያ እንዳለውና መከፈቱን ያረጋግጡ። ባለ 4000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ በ4 አምፒር፣ ለሊፖ በተሠራ ቻርጀር፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይሞላል፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ ሴሉ 3.8 ቮልት ላይ ይሁን። ከውጭ አገር ለዘመድ የሚያመጣ ሰው ጫፎቹን ሸፍኖ በእጅ ሻንጣ ይያዘው እንጂ ወደ ጭነት አይስጠው። ማያያዣውን ለመቀየር ሲበይዱ ደግሞ የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ መቀሱ ሁለቱን ካገናኘ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። አንዱን ቆርጠው፣ በይደውና ሸፍነው ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌላው ይሂዱ።

ሁሉም ሲገጠም መኪናዋን ጎማዎቿ አየር ላይ እንዲሆኑ አስቀምጠው፣ መጀመሪያ ሪሞቱን ከዚያ መኪናዋን ያብሩ፤ የሪሞቱን የቁም፣ የሙሉ ፍጥነትና የሙሉ ፍሬን ቦታዎች ለመቆጣጠሪያው ያስተምሩ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ነድተው ያቁሙና የሞተሩን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ሞተር እዚህ በደንብ አይቀዘቅዝም። ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ፒኒየኑን በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ቀንሰው እንደገና ሁለት ደቂቃ ይንዱ።